ከረጢቱ ላይ ያለው «አወር»

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት ዲላንና ወናጎን አልፎ ይርጋጨፌን መሃል ለመሃል ሰንጥቋት ይሄዳል። ይህች የጌዴኦ ከተማ ትንሽ ናት፤ ስሟ ግን ሲያትል፣ ቶኪዮና ለንደን ባሉ ቡና ቤቶች ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቡናው እዚያ ሲደርስ ከረጢት ይለብሳል፤ ከረጢቱም ላይ ሁለት ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ይታተምበታል። የቡናውን ጣዕም ለቀማሾች ትቼ እኔ የምታዘበው እነዚያን ሁለት ሦስት መስመሮች ነው።

*

ከቨርጂኒያ ለእረፍት የመጣች አክስቴ የይርጋጨፌ ቡና በስጦታ ይዛልን መጣች። ስሙ የኛ፣ ቁላው የነሱ። ቤተሰቡ ስቆ ሲጨርስ ከረጢቱን ገልብጬ ጀርባውን አነበብኩ። በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በእጅ ተለቅመው፣ በንጹሕ የምንጭ ውሃ ታጥበው፣ በፀሐይ ደርቀው፣ ገበሬዎቻችን ምርጡን ቡና ያቀርቡልዎታል።»

የእንግሊዝኛው ሕግ አጭር ነው። ከነጠላ ሰረዙ በፊት ያለው መክፈቻ ሐረግ የራሱ ባለቤት የለውም፤ ሰረዙን ተሻግሮ መጀመሪያ የሚያገኘውን ስም ባለቤቱ ያደርገዋል። ከሰረዙ ማዶ የቆሙት ገበሬዎቹ ስለሆኑ የተለቀሙትም፣ የታጠቡትም፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥተው የደረቁትም እነሱ ሆነው ዐረፉት። ይህን ለአክስቴ ሳስረዳት፣ «ታዲያ ምን ተሳሳተ? የደረቁትማ እነሱ ናቸው» አለችኝ።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው መምህር ዊልያም ስትራንክ በ1918 እንደ ፈረንጆቹ ለተማሪዎቹ ባሳተማት ቀጭን መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። ከመቶ ዓመት በላይ ሲነገር ኖሮ ዛሬም በቡና ከረጢት፣ በሆቴል ብሮሹርና በአየር መንገድ መጽሔት ላይ ይጣሳል። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ራሳቸው ሲጥሱት ሳይ ትንሽ ደስ እንደሚለኝ አልደብቅም።

*

አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ስህተት የሚወድቀው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ሲጽፍ ነው። በራሱ ቋንቋ ቢፈልግም እምብዛም አይሆንለትም። ለቅሜ፣ ለቅመህ፣ ለቅመሽ፣ ለቅሞ፣ ለቅማ፣ ለቅመን፣ ለቅማችሁ፣ ለቅመው፤ ሰዋስዋችን ቦዝ አንቀጽ የሚለው ይህ ቅርጽ ማን እንደለቀመ ጅራቱ ላይ ይዞ ነው የሚመጣው። «ዲላን አልፈን ይርጋጨፌ ብቅ አለች» ቢባል ይርጋጨፌ ዲላን አለፈች ብሎ የሚሳሳት የለም፤ «አልፈን» ያለፍነው እኛ መሆናችንን አስቀድሞ ተናግሯል።

እንግሊዝኛ ለእነዚህ ለስምንቱም ያለው አንድ «ፒኪንግ» ነው። እኔም፣ አንቺም፣ እነሱም ስንለቅም ያው ፒኪንግ። ለዚህ ነው የእንግሊዝኛው መክፈቻ ሐረግ ማንም ሊጠጋው የሚችለው። የፈረንጅ ገበያ አስተዋዋቂ ይህን ቅርጽ የሚወደውም ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሥራው ሁሉ ይዘረዘራል፤ ለቀማው፣ አጠባው፣ ማድረቁ፣ ምርጫው። ሠሪው ግን ሳይጠራ ሰረዙ ላይ ይደረስና ከሰረዙ ማዶ ድርጅቱ ብቅ ይላል።

*

ፍርድ እንዳናዛባ የኛንም እንይ። በዲላም ሆነ በአዲስ አበባ ወደ የትኛውም መሥሪያ ቤት የሚገባ ደብዳቤ «ጉዳዩ» ካለ በኋላ የሚከፈተው በአንድ ሐረግ ነው፦ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው»። ማነው የሞከረው? ርዕሱ አንድ መስመር ሆኖ ሳለ ሙከራው እንዴት ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ? አመልካቹ ራሱ ነው የጻፈው፤ ግን «ገለጽኩ» ብሎ ፊት ለፊት መቆም ድፍረት ስለሚመስለው በ«እንደተሞከረው» ጀርባ ይደበቃል። መልስ ሰጪውም ቢሮ አያንስም፤ «ጥያቄዎ ተቀባይነት ያላገኘ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ማን ነፈገው? አይታወቅም። ቦዝ አንቀጻችን ሠሪውን ሲያጋልጥ «ተ» የምትባለው ፊደል ደግሞ ትሸሽገዋለች።

ይኸው መክፈቻ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጉድ ይሆናል። ለውጭ ድርጅት የተጻፈ የሥራ ማመልከቻ «አዝ ኢት ኢዝ ትራይድ ቱ ሜንሽን» ብሎ ሲጀምር ስንቴ አይተናል! ፈረንጁ የማመልከቻውን ጸሐፊ ሳይሆን ያልተሳካለትን ሙከራ ሲፈልግ ይውላል።

*

አሁን ወደ አገናዛቢ ተውላጠ ስሙ፤ ወደ «ኢትስ»፣ «ዜይር»፣ «አወር»።

ሌላ ከረጢት ላይ፣ «በጌዴኦ ደጋ በጥላ ሥር አድጎ፣ ጣዕሙ የአበባና የሎሚ ነው» የሚል ነበር። በአማርኛ ቅር አይልም። በእንግሊዝኛ ግን ከሰረዙ በኋላ የመጣው ስም «ኢትስ ፍሌቨር» ነው፤ ስለዚህ በጥላ ሥር ያደገው ጣዕሙ ሆነ ማለት ነው። ቡናው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም፤ ያለው በ«ኢትስ» ውስጥ ተወሽቆ ነው። አጥባቂዎቹ ሰዋስወኞች በአገናዛቢ ውስጥ ያለ ሰው ወይም ነገር ባለቤት ሆኖ ሊቆም አይችልም ይላሉ።

ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥ የፈተና ጥያቄ አሰርዟል። በ2002 እንደ ፈረንጆቹ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በተሰጠው አገር አቀፍ የመሰናዶ ፈተና ላይ ስለ ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን የቀረበ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። «የቶኒ ሞሪሰን ተሰጥኦ» ብሎ ጀምሮ ቀጥሎ ደራሲዋን «ሀር» በሚል ተውላጠ ስም ይጠራታል። ፈታኞቹ ስህተት የለበትም አሉ። አንድ መምህር ግን «ሀር» የምታመለክተው ሴት እኮ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ራሷን ችላ አልቆመችም፣ ያለችው በአገናዛቢ መልክ ብቻ ነው ብሎ ወራት ተሟገተ። በ2003 አዘጋጆቹ ጥያቄውን ከውጤት አወጡት። በኔ ፍርድ መምህሩ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፤ ጥሩ ጸሐፊዎች ሁሉ እንደዚያ ይጽፋሉ። ቢሆንም አንድ ሰው በ«የ» ብቻ ተጠርቶ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ ይባላል ወይ የሚለው ጥያቄ ወደ ይርጋጨፌ ሲመጣ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

*

«ቡናው ተሸጠ»። ይህን ለአንድ የይርጋጨፌ አምስተኛ ክፍል ተማሪ ስጡትና ወደ እንግሊዝኛ መልስ በሉት። «ዘ ኮፊ» ይበል ወይስ «ሂዝ ኮፊ»? አማርኛ ለሁለቱም ያለው አንድ ጅራት ነው፤ «ቡናው» የታወቀው ቡናም ነው፣ የእሱም ቡና ነው። ስለዚህ ልጁ «ሂዝ» የሚገባበት ላይ «ዘ» ይጽፋል፣ መምህሩ ቀይ ያሰምርበታል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግረውም።

ይህ ልጅ ቤቱ ጌዴኦኛ ይናገራል፣ ገበያና ቢሮ አማርኛ ይሰማል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመታት እንደነበረው ደግሞ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱን በእንግሊዝኛ ይማራል። ሦስት ቋንቋ፣ ሦስት ዓይነት የባለቤትነት ምልክት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ተሸክሞ «ኢትስ» የምትባለዋን ቃል መቼ በጭረት፣ መቼ ያለ ጭረት እንደምትጻፍ ቢስት ሊገርመን አይገባም። ለንደን ተወልደው ያደጉም ይስቷታል።

*

ቡና ማጠቢያ ሳይት ላይ ነው፤ ወሩ ኅዳር። ቀይ እሸቱ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ ረጃጅሞቹ አልጋዎች ላይ ተሰጥቷል። ሴቶች በሁለቱም ወገን ቆመው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለቀሙ ያወጣሉ። እጃቸው ከዓይናቸው ይቀድማል። አንድ የውጭ ገዢ ከአስተርጓሚ ጋር መጥቶ ከመካከላቸው በዕድሜ ጠና ካሉት ፊት ቆመና «ኢዝ ዚስ ዩር ኮፊ?» ብሎ ጠየቀ።

አስተርጓሚው ትንሽ አመነታ። «ዩር» አንቺንም፣ አንተንም፣ እርስዎንም፣ እናንተንም ጠቅልሎ የያዘ ቃል ነው። «የርስዎ ነው?» ቢል አንድ መልስ፣ «የናንተ ነው?» ቢል ሌላ መልስ ይመጣል። ለክብርም ለጥንቃቄም ብሎ ይመስለኛል፣ «እማማ፣ ቡናው የናንተ ነው ወይ ይላል» አለ።

«የኛ? የሳይቱ ነው እንጂ ልጄ» አሉ እጃቸውን ሳያቆሙ። «እኔ የቀን ነኝ።»

የቀን ነኝ፤ የቀን ሠራተኛ ነኝ ማለታቸው ነው። አስተርጓሚው ዞር ብሎ «ሺ ሴይስ፣ አወር ኮፊ» አለ። ገዢው ፈገግ ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። አስተርጓሚውን አልፈርድበትም፤ ገዢው የመጣው ያንን ለመስማት ነው፣ ለመሰማት የሚመች መልስ የሰጠ አስተርጓሚም በሚመጣው ዓመት ተመልሶ ይጠራል። ግን ከረጢት ላይ ያለው «አወር» እንዴት እንደሚወለድ በዓይኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

*

«ገበሬዎቻችን» የሚለው ቃል በፈረንጁ ጆሮ የፍቅር ቃል ነው። ለጌዴኦ ጆሮ ግን ታሪክ አለው። እዚህ አገር አንድ ባለርስት «ገባሬ»፣ «ጭሰኛዬ» ይል የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ያቺ «ዬ» ከምርቱ ድርሻ፣ ከጉልበት ቀን፣ ከማር እስከ ማገዶ ድረስ ትስብ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች በዚያ ሥርዓት ላይ ተነሥተው ሚቺሌ ላይ ብዙ ሰው አለቀ። የመሬት አዋጁ እስኪታወጅ ከዚያ በኋላ ገና አሥራ አምስት ዓመት ነበር።

በነገራችን ላይ ከአዋጁ በፊት ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች መፈክር «መሬት ላራሹ» ነበር፤ «ለ» ብሎ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ግን የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገው። በ«ለ» የተጠየቀው በ«የ» ተመለሰ። የሁለቱ ልዩነት ሰዋስው ብቻ እንዳልሆነ ኋላ ሁሉም አየው።

*

ይርጋጨፌ ራሱስ የማን ነው? ቡናውን ሳይሆን ቃሉን ማለቴ ነው።

ኢትዮጵያ በ2005 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። ችግሩ ከዚያ በፊት ጀምሯል፤ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ በ2004 «ሲዳሞ» የሚለውን ስም የያዘ የራሱን ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ ገብቶ ነበር። የምልክቱ የመጀመሪያ ቃል ደግሞ «ሽርክና» ነው! የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር የኢትዮጵያን ጥያቄ ተቃወመ። ሐረርና ሲዳሞ የወል ስም ናቸው ተብለው መጀመሪያ ተመለሱ፤ ይርጋጨፌ ግን በ2006 ተመዘገበ። በዚያው ዓመት የተራድኦ ድርጅቱ ኦክስፋም ጉዳዩን ለዓለም አሰማ፤ በመላው ዓለም ደንበኞች ለስታርባክስ ደብዳቤ አጎረፉ። በሰኔ 2007 ኩባንያውና የኢትዮጵያ መንግሥት ተስማሙ፤ ስታርባክስ ስሞቹን ያለ ክፍያ ይጠቀማል፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውንም ይቀበላል።

የወል ስም ማለት በሰዋስው ቋንቋ አንድ ዓይነት ነገሮች ሁሉ በጋራ የሚጠሩበት ስም ማለት ነው፤ ወንዝ፣ ዛፍ፣ ቡና። ተቃዋሚዎቹ ሐረርና ሲዳሞን በዚያ ረድፍ ሊያሰልፏቸው ፈለጉ። ኢትዮጵያ ደግሞ የለም፣ የተጸውኦ ስም ናቸው፣ ባለቤት አላቸው አለች። የቃል ክፍል ክርክር ይህን ያህል ገንዘብ ሲያንቀሳቅስ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ሌላ መንገድም ነበር። ማኅበሩ ይሻላል ያለው ቡናው ከየት እንደመጣ የሚያረጋግጥ የምስክር ምልክት ነበር። የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ያንን ያልመረጡት በበቂ ምክንያት ነው፤ የቡና አምራቹ በየጓሮው ጥቂት ጥቂት የሚለቅም አነስተኛ ገበሬ ነው፣ እያንዳንዱን ኩንታል እየተከታተሉ መመስከር የማይቻል ያህል ውድ ነው። የንግድ ምልክት ግን አንድ ባለቤት ይበቃዋል። ያ አንድ ባለቤት በመዝገቡ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። የይርጋጨፌ ገበሬ በስሙ ላይ ያለው መብት እንደገና በ«የ» በኩል የሚያልፍ ሆነ። ድሉ ድል ነው፤ ይህን የምለው ለማሳነስ አይደለም። ግን «ይርጋጨፌ የኛ ነው» ሲባል «እኛ» ማን እንደሆንን መዝገቡ ላይ ጥርት ብሎ ተጽፏል፣ ንግግር ላይ ግን ጥርት ብሎ አይነገርም።

*

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ ሥራ ጀምሮ ቡና ሲቀበል፣ ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይሸጥ ጀመር። የወናጎውም፣ የኮቸሬውም ይርጋጨፌ ተብሎ ይደባለቅ ነበር። ዋጋው በሰሌዳ ታየ፣ ክፍያው ፈጠነ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ግን የየሳይቱ ስም ጠፋ። በኅብረት ሥራ ዩኒየን ታቅፎ በቀጥታ የሚልከው ገበሬ ካልሆነ በቀር «የማን ቡና ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም። እንደ ፈረንጆቹ የ2017ቱ የግብይት ማሻሻያ ነው ስሞቹን የመለሳቸው። ዛሬ ከረጢት ላይ ኮንጋ፣ ኢዲዶ፣ አሪቻ ብሎ የቦታ ስም ማየት የተለመደ ሆኗል። ለቋንቋም ለገበሬም ጥሩ ነው።

*

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ቡናው፣ ከቡናው በላይ እንሰቱ፣ ከእንሰቱ በላይ አገር በቀሉ ዛፍ፣ በየኮረብታው የቆሙት ትክል ድንጋዮች፣ ሁሉንም የሚያስተዳድረው ባህላዊ ሥርዓት፤ የተመዘገበው ይህ ሁሉ ባንድነት ነው። የእንግሊዝኛው ስም «ጌዴኦ»ን ያለ አገናዛቢ፣ እንደ ቅጽል ፊት ለፊት ያቆመዋል። ጥሩ አድርገዋል። «የሰው ልጅ ቅርስ» የሚለው ትልቅ አገናዛቢ ከላይ ሲጫንበትም ሕዝቡ ከስሙ አልወጣም።

*

ትንሽ ነገር፦ የጌዴኦ አባ ገዳና የሦስት ዓመት ልጅ በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ሂዝ» ናቸው። በአማርኛ ግን አንዱ «የሱ»፣ አንዱ «የሳቸው» ናቸው። ብዙውን ቁጥር ለአንድ ሰው መስጠት ለኛ የቆየ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ዜይር»ን ለአንድ ሰው መጠቀም ያለ አግባብ ነው እያሉ ሲከራከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አሳልፈዋል፤ የዜና ወኪሉ አሶሽየትድ ፕሬስ በጽሑፍ መመሪያው ላይ፣ ያውም በጥንቃቄ፣ የፈቀደው በ2017 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ይህንን ቢጠይቁን ኖሮ ቶሎ እንነግራቸው ነበር።

*

የእንግሊዝኛ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ፣ ዲላም ሆነ አዲስ አበባ፣ ለላኪ ድርጅት የከረጢት ጽሑፍ የምታዘጋጁ ልጆች አደራ አለባችሁ። ዐረፍተ ነገሩን መጀመሪያ በአማርኛ ጻፉት፤ በ«ለቅሞ»፣ በ«ለቅማ»፣ በ«ለቅመው» ጻፉት፤ ማን እንደለቀመ ቃሉ ራሱ ያስገድዳችኋል። ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሱት ያንን ሰው ከሰረዙ ማዶ፣ በባለቤቱ ቦታ ላይ አቁሙት። «አወር ፋርመርስ» ልትሉ ብዕር ስታነሱ ድርጅታችሁ እርሻ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው «የገዛነው ከእነ እገሌ ሳይት ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ገዢው አይሸሽም፣ እንዲያውም ያን ነው የሚፈልገው። ለቃሚዎቹንም አትርሷቸው፤ የቀን ሠራተኛ መሆናቸው ከዐረፍተ ነገር አያስወጣቸውም። የከተማዋን ስም ስትጽፉ ደግሞ ኤፍን ሁለት ጊዜ አድርጉ፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው እንደዚያ ነው።